እማዬ ያጠበችው ጨው

ፀሐይ የመታው የሬዲዮ ቆዳ የራሱ ሽታ አለው፤ የሞቀ ጫማና የዛገ ብረት የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ባለፈው ጥቅምት ስልኬን ለማሠራት አንድ ጥገና ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለ ይህ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ነካኝና፣ ዘወር ስል ከተፈታቱት ስልኮች መሐል ቡናማ ቆዳ የለበሰ አሮጌ ሬዲዮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አየሁ። ስልኬን ረሳሁት። ልቤ ቦንጋ ገባ፤ የልጅነት ቤታችን በረንዳ ላይ እናቴ ጨው ስታጥብ ታየችኝ።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ከቤታችን አንዷን ክፍል ከወሎ ተመድቦ ለመጣ፣ ጋሽ መኮንን ለሚባል ወጣት የሳይንስ መምህር አከራይተን ነበር። አባቴ ማርና ቡና እየገዛ ሺሺንዳ ገበያ ይመላለስ ነበር፣ እናቴ ግን ከቤት ብዙም አትወጣም። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እኔ ሳውቃት ጀምሮ ጭብጥ ያክል ስለነበረ፣ ሙቀት ሆነ ብርድ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትውል ነበር። ወላጅ ሲጠራ ትምህርት ቤት የሚሄደው አባቴ ነው። አያቴም እንቅርት ስለነበረባት፣ እማዬ ነገሩ በዘር የሚወርድ፣ ከእሷም ቀጥሎ የእኔ ተራ እንደሆነ ታምን ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን አጥባኝ ስትጨርስ፣ ሁለት ጣቶቿን አንገቴና ማተቤ መሐል ታስገባና «ሁለት ገባ» ብላ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር። እኔም ሁለት መግባቱ ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ፈተና ያለፍኩ ይመስል ደስ ይለኝ ነበር።

በቤታችን የማይነገር አንድ ተረት ነበር። ማንም እንዳትናገሩ ብሎ አላዘዘንም፤ ዝም ብለን አንናገረውም። ጋሽ መኮንን ደግሞ ይህን ከየት ይወቅ! በዚያ ክረምት አንድ ቀን የክፍሉ ጣራ አፍስሶ ደብተሮቹን አበስብሶበት፣ ሬዲዮውም የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ጸጥ ቢልበት፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ «ይሄ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው!» አለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እማዬ ክው ብላ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችና ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ መኮንን ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በማግሥቱ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ ሬዲዮውን አወጣና በረንዳችን ላይ አስቀምጦ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እንስማ እንጂ፣ እኔ ብቻዬን ምን ይሠራልኛል» አላት። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው የእኛ ቤት ሰው ሆነ።

መስከረም ገብቶ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከእማዬ ሁለት ጣቶች አንዱ ውጭ ቀረ። ልጅቷ አድጋለች ብላ ማተቤን ፈትታ አስረዘመችው፤ በወሩ መልሶ ጠበበ። እኔም ተደብቄ በመስታወት ስባሪ እያየሁ ምራቄን ስውጥ፣ ጉሮሮዬ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ከፍ ዝቅ ስትል አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እማዬም ያየችውን አልተናገረችም፤ ግን ፀጉሬን አጥባኝ ስትጨርስ ጣቶቿን ማተቤ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ትሞክር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው የጤና ዝግጅት ነበረው። አንድ ቅዳሜ እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ ባለሙያው ስለ እንቅርት ጀመረ። ጋሽ መኮንን ፊቱ ቀልቶ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ፣

«ተዉት መምህር፣ ይናገር» አለችው።

ሰውየው እንቅርት እርግማን እንዳልሆነ፣ አዮዲን የሚባል ነገር ከምግብ ሲጎድል እንደሚመጣ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋማ አገር ውኃው ከአፈሩ ጠርጎ እንደሚወስደው፣ መፍትሔውም አዮዲን የተጨመረበት ጨው መሆኑን ተናገረ። አማርኛው በፈጠነባት ቁጥር እኔ በቋንቋችን በካፊኖኖ እነግራት ነበር። ሲያበቃ ጎመኑን እንደያዘች ቀረችና «ጨው ብቻ?» አለች። «ጨው ብቻ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ እንባ ዞረ።

አባቴ የታሸገውን ጨው እስኪያገኝ ሁለት ገበያ ዞረ። እማዬ እንደ ዕቃ ቤት ቁልፍ ጠበቀችው፤ ደግሞም አጠበችው። በእኛ ሰፈር ጨው ከነአሸዋው በጆንያ ተጭኖ ይመጣ ስለነበር፣ ባለሙያ ሴት በሦስት ውኃ ሳታጥበው ወጥ ውስጥ አትጨምረውም። እማዬ በጨውዋ ንጣት የታወቀች ነበረች። በበጋው ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣው ነበር፣ ከጎኑ ደግሞ ጋሽ መኮንን የደከሙትን የሬዲዮ ድንጋዮች ጉልበት እንዲያገኙ ይደረድራል። እኔ ሁለቱንም ከዶሮ እጠብቅ ነበር።

በጋው አለፈ፣ ቡናው ተለቅሞ አለቀ፣ የበልጉ ዝናብ ጀመረ፣ እኔ ግን አልተሻለኝም። ያን ጊዜ እማዬ ለሬዲዮው ደብዳቤ አጻፈችኝ። እሷ በካፊኖኖ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ።

«ስሜን እንዳትጽፊ። ከከፋ አገር አንዲት እናት በይ። ጨዉን ከነቆሻሻው እንደማልጨምርም ጻፊ፤ ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ እንደምጠቀምበት ይወቁት። ልጄ ለምን አልዳነችም በያቸው።»

ስለ ራሷ አንድም ቃል አላለችም። እሷ ወደ ጓሮ ስትወጣ እኔ ከታች አንዲት መስመር ጨመርኩና፣ ሳላነብላት አሽጌ ለጋሽ መኮንን ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ጦም ይውል ጀመር። አባቴ ዜና እንኳ ቢያምረው፣ ድንጋዩ ለቅዳሜ ይቆይ ተብሎ ይከለከል ነበር። ስንት ቅዳሜ እንደጠበቅን አላውቅም፤ መልሱ የመጣው ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው። አራታችንም ጆሯችንን ሬዲዮው ላይ ደፍተን ነበር።

«ከከፋ የጻፉልን እናት» አለ ሰውየው፣ «ንጽሕናዎ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አዮዲኑን አጥበው የደፉት እርስዎ ነዎት። የታሸገውን ጨው አይጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ከድነው ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። የልጅዎ ገና ትንሽ ከሆነ ሊጠፋ ይችላል።»

እማዬ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «በገዛ እጄ» አለች። አባቴ ሊያጽናናት አፉን ሲከፍት ሬዲዮው ቀጠለ፤ «ከደብዳቤው ግርጌ በልጅ እጅ የተጻፈ ሌላ ጥያቄ አለ። ‹የእናቴስ ይድናል?› ይላል።»

የምገባበት ጠፋኝ። እማዬ ዞራ አየችኝ። ሰውየው ትልቅና የቆየ እንቅርት በጨው እንደማይጠፋ፣ ሐኪም አይቶት ምናልባት በቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ፣ የሚያሳፍር ነገር ግን እንዳልሆነ ተናግሮ ሌላ ደብዳቤ አነሳ። ጋሽ መኮንን ቀስ ብሎ አጠፋው።

«የእኔን ማን ጠይቂ አለሽ?» አለችኝ።

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። ግንባሬ ነጠላዋ ስር ያለውን ነገር ነካው፤ ሞቃት ነበር፣ ለስላሳ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ድንጋይ የሚቀዘቅዝ ይመስለኝ ነበር።

ማተቤ ውስጥ ሁለተኛው ጣት ተመልሶ የገባው በቀጣዩ መስቀል አካባቢ ነው። እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ መጣ። በዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ትምህርት ቤት የመጣችው እሷ ነች፤ ነጠላዋን እንደ ማንኛዋም ሴት ትከሻዋ ላይ ጥላ።

ዛሬ ጨዉ በየሱቁ አለ፣ እኔም ከድኜ ከምድጃ አርቄ አስቀምጠዋለሁ፤ ሬዲዮውም ስልኬ ውስጥ ገብቷል። ቅዳሜን የሚጠብቅ የለም፣ ድንጋይ የሚያሰጣም የለም። እማዬ ቀዶ ሕክምናውን እንቢ እንዳለች አረጀች። «ከእንቅርቴ ጋር ታርቀናል» ትላለች።

በዚህ ዓመት ቦንጋ ስሄድ ማተቧ አልቆ አዲስ እንዳስርላት ጠየቀችኝ። አንገቷን ለማንም ሰጥታ አታውቅም ነበር። ክሩን አስረዝሜ ቆረጥኩ፣ ከኋላዋ ቆሜ አሰርኩላት፣ ከዚያም ሳላስበው ሁለት ጣቶቼን አስገባሁ። ሳትዞር፣

«ስንት ገባ?» አለችኝ።

«ሁለት፣ እማዬ» አልኳት።

በረጅሙ ተነፈሰች።