የአባ ወልደ ማርያም ማድጋ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ ሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ሳለ ሁለት ወጣት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። አንደኛዋ ሰላምታ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው አመራች፤ በሩን ከፍታ ጎንበስ አለችና ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር አነበበች። ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ፣ «እኛ እዚህ እየተቀቀልን እነሱ ፍሪጅ ከፍተው ይናፈሳሉ» ብለው አሳቁን። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርሁት ከእንዲህ ያለ ባንኮኒ ጀርባ ነውና፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሲከፈት ሳይ ሐሳቤ ሁልጊዜ ወደ ሐይቁ ይሻገራል።

ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ የተቀጠርሁት ሐይቁ ዳር ባለች ከተማ፣ ዓባይ ማዶ በነበረ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ታፈረ ፋርማሲስት ነበሩ፤ እንቢ ማለት የማያውቁ ሰው። ቤቱ የሰፈሩ ሁሉ ነበር ማለት ይቻላል። ደም ግፊት ይለካበታል፣ ከሆስፒታል የተሰጠ ወረቀት ይነበብበታል፣ ከሐሙሲት ለገበያ የመጣች ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ ጉዳይዋን ትጨርሳለች። ማቀዝቀዣውም እንደዚያው የሕዝብ ሆኖ ነበር። የስኳር ሕመምተኞች ከሆስፒታል የሚሰጣቸውን ኢንሱሊን ቤታቸው የሚያቀዘቅዙበት ስለሌላቸው እኛ ዘንድ ያኖሩታል። እኛም ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፈን ከሚሸጠው ጎን እንደረድረዋለን። ሁሉም ይመርቀናል፤ እኛም ምርቃቱን እንወደዋለን።

አደራ ካኖሩብን አንዱ አባ ወልደ ማርያም ነበሩ። ሴት ከማይገባበት አንድ ደሴት ገዳም የቅኔ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው እንደ ገቡ በዚያው ቀርተዋል። መድኃኒታቸውን አንድ አንድ ብልቃጥ እየወሰዱ የቀረውን ለእኛ ይተዋሉ፤ ሲመጡም በቀሚሳቸው እጅጌ ሎሚ ሳይዙ አይመጡም። ሐኪሙ፣ ክረምት ሲገባ ሐይቁ ስለሚናወጥና ጀልባ ስለሚቋረጥ፣ ከተማ ገብተው እንዲኖሩ መክሯቸው ነበር። «ተማሪዎቼንስ ለማን ልተው?» አሉ። «ዓሣ ከውኃ ወጥቶ ይድናል ያለህ ማን ነው?»

ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ መልካሙ የሚባል ወጣት ተቆጣጣሪ መጣ። ዝምተኛ ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። መደርደሪያውን አይቶ አመሰገነን። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፈተ።

«ይኸ ሁሉ የማን ነው?»

«የሰው አደራ ነው» አሉ ጋሽ ታፈረ ኮራ ብለው።

«አንዴ ከእጅ የወጣ መድኃኒት ከሚሸጠው ጋር አይቀመጥም። ዛሬውኑ ይውጣ፤ አለዚያ ቤቱን አሽጋለሁ።»

«እኒህን መነኩሴ አታውቃቸውም፣ ልጄ። ወዴት ይሂዱ?»

«አላውቃቸውም፤ ነገ ይህን ብልቃጥ በስሕተት የሚገዛውን ሰውም አላውቀውም። የት የት ሲዞር፣ ምን ያህል ፀሐይ ሲመታው እንደ ሰነበተ ለዚያ ሰው ማን ይነግረዋል?»

ጋሽ ታፈረ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ። እኔ ግን ሰውየውን ጠላሁት። ጫማውን ሳይቀር ጠላሁት።

የከተማውን ሕመምተኞች መድኃኒት ዘመድና ጎረቤት ተቀበለላቸው። የአባን ጋሽ ታፈረ ቤታቸው ወሰዱት፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር እየባነኑ እስከ መቼ? ክረምቱም እየቀረበ ነው። የቀረው ምርጫ አባ ደሴቱን መልቀቅ ብቻ መሰለን።

በማግሥቱ መልካሙ ተመልሶ መጣ፤ ያለ ቦርሳው። እኔ፣ ደግሞ ምን ሊያሽግ ነው ብዬ፣ ፊቴን አዞርሁበት።

«ቆላ ጤና ጣቢያ ስሠራ መብራት አልነበረንም» አለ ቆሞ። «በትልቅ ማድጋ ውስጥ ትንሽ የሸክላ ድስት እናስቀምጥና በመሐከላቸው አሸዋ እንሞላለን። አሸዋው ከረጠበ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የሐይቅ አየር ግን እርጥበት አለው፤ እዚህ መሥራቱን ሳልለካ አልምልም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማድጋውን አቅፌ ጀልባ ላይ ወጣሁ፤ መልካሙ ድስቱንና ቴርሞሜትሩን ይዟል። ደሴቱ ዳር ስንደርስ እኔ መውረድ አልችልም። አባ እስከ ውኃው ጠርዝ ወርደው ባረኩኝ፤ እኔም ከጀልባው ሆኜ አሸዋው ጧትና ማታ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ብልቃጡ ራሱ ግን እንደማይነካው አስረዳኋቸው። ያ የሚያበራ ጫማ ዳር ዳሩን በበቀለው ደንገል መሐል ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። መልካሙ ግን ማድጋውን ከእኔ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ወደ ታች እንኳ ሳያይ፣ ዳገቱን ወጣ።

ብልቃጦቹን ከማስገባታችን በፊት ልንለካ ስንመለስ ሳምንት ሆኖት ነበር። መልካሙ ወጥቶ ፊቱ ጠቁሮ ወረደ። «ሞቋል» አለኝ። አባ ከኋላው ቆመዋል። ተማሪዎቻቸው ወዳሉበት ጉባኤ ቤት ተመለከቱ።

«የት ነው ያኖራችሁት?» አልሁ ከጀልባው።

«የት ይኖራል ልጄ? ዕቃ ቤት ነዋ!» አሉ አባ። «ከዘውዱና ከመስቀሉ ጎን፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነን፣ ቆልፈንበት። ይህን ያህል ደክማችሁ ያመጣችሁትን ከዚህ በላይ በምን እናክብረው?»

ለካ ገዳሙ የከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጥበትን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያውቅ። መስኮት የሌለው ቤት፣ ወፍራም ግንብ፣ ትልቅ ቁልፍ። መልካሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሲስቅ አየሁት። «አባታችን፣ ይኸ እንኳ ክብር አይሻም፤ ንፋስ ነው የሚሻ!»

ማድጋውን አውጥተው የሐይቁ ንፋስ በሚያገኘው ዛፍ ጥላ ሥር አኖሩት። መልካሙ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ ጀልባው ውስጥ አባ የላኩልኝን የገዳም ዳቤ እየገመጥሁ ጠበቅሁ። ዳቤው ደረቅ ነበር፤ ጭንቀቴ ደግሞ አላስውጥ አለኝ። ፀሐይዋ ወደ ዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ መልካሙ እየሮጠ ወረደ።

«ሠርቷል! ስንዱ፣ ሠርቷል!»

አለቀስሁ። የጠላሁት ሰው ስሜን ጠርቶ ደስታውን ሲያካፍለኝ ምን ላድርግ?

አባ ያንን ክረምት፣ ከዚያም ብዙ ክረምት፣ በደሴታቸው ቅኔ ሲነግሩ ኖሩ። ያረፉትም እዚያው፣ ተማሪዎቻቸው ከብበዋቸው፣ በእርጅና ነው። ከተዝካራቸው በፊት አንድ ዲያቆን ወደ እኛ መጣ። በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አኖረና፣ «አባታችን ሳያርፉ፣ የተረፈው ለሌላ ሕመምተኛ ይሁን ብለዋል» አለ። ፈታሁት። ያልተከፈቱ ብልቃጦች ናቸው፤ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ።

ያን ሰሞን ኢንሱሊን ከከተማው ጠፍቶ ነበር። የአባ መድኃኒት እንዴት እንደ ተያዘ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ተቆጣጣሪም የለ። ጋሽ ታፈረ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ፤ «ስንዱ፣ ምን ይሻላል?» ዲያቆኑን አመስግነን ሸኘነው። ከዚያ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከሚወገዱት መድኃኒቶች ጋር አኖርኋቸው፤ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ። እኛ ያወቅነውን ገዢው ሊያውቅ አይችልም፤ ቀዝቃዛ ሆነው መምጣታቸውም ጀልባው ላይ ምን እንደ ደረሰባቸው አይናገርም።

ጋሽ ታፈረ አፈር ከለበሱ ቆዩ። መልካሙም ተዛውሮ ሄደ፤ የት እንዳለ አላውቅም። ያ ማድጋ የቆመበትን ዛፍ እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ አላይምም። በሥራ ዘመኔ ለማውቃቸው ሰዎች ብዙ ደክሜያለሁ፤ ምርቃቱም አልጎደለብኝ። ለማላውቀው ሰው ብዬ ያደረግሁት ግን፣ ያን ቀን የመነኩሴ ኑዛዜ ጥሼ የጣልሁት መድኃኒት ነው። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ አላውቅም፤ እሱም እኔን አያውቀኝም፣ አይመርቀኝምም። ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ያ ሥራ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።