ባሌን ያለ ጨው ሳስታምም

በሽተኛ ማስታመም ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ያውቀዋል። ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ያመጡን ጊዜ ወባ መንደሩን ሲያነጥፈው ስንቱን አገላብጫለሁ። ስለዚህ ባሌ ልቡን ሲታመም አልተርበደበድኩም።

ደርግ ወርዶ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ከተማ ውስጥ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ የመንደራችን ወንዶች ደግሞ፣ እንግዲህ ይመልሱን ይሆን አይመልሱን ይሆን እያሉ ጥላ ሥር ይውላሉ። እኔን ወሬው አላገኘኝም። ሥራ ነበረብኝ።

ማሽላ ሲያርም ነው ደረቱን ይዞ ቁጭ ያለው። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ደረቴን በገመድ ጠፍረው የሚስቡኝ ይመስለኛል አለኝ፤ ግራ እጁም ደነዘዘ። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ መንገዱ አወጡት፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሆስፒታል ደረሰ። ነፍሱ ተረፈች። ልቡ ግን ደከመ፤ እግሩ አበጠ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ጀመር።

ያከመችው ነርስ የወለጋ ልጅ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ያኔ ፊደል ገና አልለየሁም ነበርና ወረቀት አልሰጠችኝም። ስንወጣ አውራ ጣቴን ይዛ ቅልጥሙ ላይ አስጫነችኝ። ሳነሳው ጉድጓዱ ቀረ። ውሃ ነው አለችኝ፤ ጠዋት ጠዋት እየጫንኩ እንዳይ፣ ጉድጓዱ እየጠለቀ ከሄደ ሳላሳድር እንዳመጣው፣ አለዚያ ውሃው ሳንባው ገብቶ እንደሚያንቀው። የሚያሸናውን ክኒን በጠዋት፣ ውሃ በልክ፣ ሲተኛ ከወገቡ ቀና፣ ጨው በጭራሽ።

ሁሉንም አደረግኩ። ትራስ ስላልነበረን ገለባ የሞላ ጆንያ ከጀርባው አስደገፍኩት። የቀኑን ውሃ በአንድ ጆግ ቀድቼ አስቀምጣለሁ፤ ጆጉ ካለቀ አለቀ። ለበሽተኛ ውሃ የምትነፍግ ሴት ብለው አሙኝ፤ ይሙኝ። የጨው ዕቃውንም ጎረቤት ቤት አስቀመጥኩ።

ግን ጉድጓዱ፣ መጀመሪያ ጎደል ብሎ የነበረው፣ መልሶ ጠለቀ። ጨው ሰረቀ ብዬ ጠረጠርኩት። መኝታውን አራገፍኩ፣ ኪሱን ገለበጥኩ። በዚያች ባጠረች ትንፋሹ እየሳቀ፣ በስተርጅናዬ ሌባ አደረግሽኝ አለኝ።

የዚያኑ ቀን የበርታ ጎረቤቴ ልትጠይቀው መጣች። ምሳ አቀረብኩላት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም ለምጄዋለሁ። አንድ ጊዜ ጎርሳ ሳህኑን ገፋ አደረገች።

«ያንተ ወጥ ጨው በዛ።»

«ቅንጣት ጨው የለውም» አልኳት።

«አለ። በርበሬ ውስጥ አለ።»

ተነሥቼ ከበርበሬው መዳፌ ላይ ቆንጠር አድርጌ ላስኩት። እውነቷን ነው። በገዛ እጄ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከአዝሙዱ ጋር ጨው ቀላቅዬ የወቀጥኩት የዓመት በርበሬ ነው። እናቴም እንዲሁ ነው የምታዘጋጀው። እኛ ቤት ጨው ማለት ወጥ ላይ የሚነሰነሰው እንጂ፣ በርበሬው ውስጥ የገባው በርበሬ ነው፤ ማንም ጨው ብሎ አይጠራውም። ሽሮውንም ቀመስኩ። ያው ነው።

አላለቀስኩም፤ ጊዜ አልነበረም። ባሌን አስነሥቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ለሲስተር፣ የመረዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ጫነች።

«እማማ፣ እኔም አልጠየቅኩዎትም» አለች። «የእናቴ በርበሬም ጨው አለው።»

ክኒኑን ሐኪሙ ጨመረለት፤ አንድ ሳምንት ተኛ። ሲስተር ከዚያ ወዲያ ልባቸው ለደከመ በሽተኞች አስታማሚ ሁሉ ስለ ጨው ስትነግር፣ በርበሬያችሁን ቅመሱ ትል ጀመር፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

የዓመቱን በርበሬ ሠርግ ለደገሱ ሰዎች ሰጠሁ። ዛላ ገዝቼ ያለ ጨው ወቀጥኩ፤ ነጭ ሽንኩርቱን አበዛሁበት፣ ሎሚ ጨመቅ አደርግበታለሁ። ሰውየው ቤቱ ተመልሶ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ትንፋሹ ረዘም ብሎለት፣ መጀመሪያ ቀን ጎረሰና አኘከ፣ አኘከ።

«ይሄ በርበሬ ነው ቀይ አፈር?»

«ቀይ አፈር ነው። ብላ።»

በላ። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት እያጉረመረመ በላ።