ከባዝራዋ ኋላ የመጣው

ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ስለ ቀይ ቀበሮ የማውቀው ነገር አልነበረም። ያደግሁት አዳማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ብርዳማው ሮቤ የደረስኩ ሳምንት ጃኬት የተዋስኩት ከማላውቃት ልጅ ነው። እንዲያም ሆኖ ከመምህሮቻችን አንዱ ለቀይ ቀበሮ ድጋፍ ለማሰባሰብ ተራራ የሚወጡ ተማሪዎችን ሲፈልግ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ሆንኩ። ተራራ ወድጄ አይደለም። መምህሩ "ማን ይመጣል?" ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔ ደግሞ መምህር ጠይቆ ሰው ዝም ሲል አልችልም።

ዓላማው የባሌ ተራሮች ቁንጮ እስከሆነው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ በእግር መውጣት ነበር። ሰው በየአቅሙ የሚሰጠን ድጋፍ በተራራው ዙሪያ ባሉ መንደሮች ውሾችን ለማስከተብ ይውላል። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ይጋባል፤ አንድ የታመመ ውሻ ቀበሮዎቹ የሚኖሩበት ሳነቴ አምባ ላይ ቢወጣ የቀበሮ ቤተሰብ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያው ስብሰባ "ውሻ ያስከተለ ሰው ተራራውን ይርሳ" አለን። አብረውን የሚወጡት የፓርኩ ስካውት፣ ጢማቸው የሸበተ ዝምተኛ ሰው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር።

"እላይ ያገኘሁትን ውሻ እመታለሁ" አሉ ረጋ ብለው። "የማን ነው ብዬ አልጠይቅም።"

እኔ ያን ጊዜ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ከካፌው ጀርባ የሚያድር አንድ ቀይ ዳማ ውሻ ነበር፤ ከቁርሴ ዳቦ እየቆረስኩ እሰጠው ነበር። ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም አድርጌ ሳፏጭ ከየትም ይመጣል። የመኝታ ክፍሌ ጓደኛ የጎባ ልጅ ናት፤ ፉጨቴን በሰማች ቁጥር ትቀልድብኛለች።

"በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ስታፏጭ የሰማ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል።"

"ለእኔ?"

"ለሚያገባሽ።"

ቦርሳችን ውስጥ አሸዋ ሞልተን የሕንፃውን ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ፣ ጠዋት ጠዋት በጎባ መንገድ ስንሮጥ ውሻው አብሮን ነበር። መምህሩ የሰፈር ውሻ ይመስለዋል። እኔም የሰፈር ውሻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ለዋናው ጉዞ መለማመጃ ከጎባ ተነስተን ሳነቴ አፋፍ ድረስ የምንወጣበት ቅዳሜ ደረሰ። ሳንነሳ ውሻውን በልብስ ማስጫ ገመድ የበር ጥበቃው ቤት አጠገብ አሰርኩት።

"አባባ፣ እስክመለስ እንዳይፈቱት እባክዎ።"

"ሂጂ ልጄ። ዛሬ እንደ አረፋ በግ አስሬ አውለዋለሁ" አሉኝ ጥበቃው።

ጎባ ስንደርስ ጓደኛዬ ውሃና ብርድ ልብስ የምትጭንልንን ባዝራ ከአባቷ ግቢ አወጣች። አባቷ የባዝራዋን ሆድ በመዳፋቸው ዳበሱ። "ገና አንድ ወር አላት ኢንሻአላህ" አሉ፤ "መንገዱ ያፍታታታል።" ከዚያም አንገቷ ላይ ቃጭል አሰሩላት። ላይ ጉም ሲወርድ ስም አይጠራም፤ ጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ሰው ተጠርቶ ወደ ገደል ይሄዳል አሉን። ሰው ቃጭሉን እየሰማ ብቻ ነው የሚከተለው።

ስካውቱ ከፊት፣ ጓደኛዬ ባዝራዋን እየሳበች ቀጥላ፣ ሌሎቻችን ከኋላ ሆነን ወጣን። መጨረሻ ላይ የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ መምህሩ "አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፣ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር" ስላለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የአስታው ጫካ ውስጥ ስንገባ ነው መጀመሪያ የተሰማኝ። ዛፎቹ ከቅርንጫፋቸው ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎባቸዋል፤ ወፍ እንኳን አልነበረም። ከኋላዬ ቅጠል ተረገጠ። ስቆም ቆመ። ስራመድ ተራመደ። ዞር ስል በሁለት ግንዶች መካከል የሆነ ቀይ ነገር አለፈ።

ውሃ ልንጠጣ ስናርፍ ጓደኛዬ ዳቦ ይዛልኝ መጣች።

"ምን ሆነሽ ነው እንደ ሌባ ወደ ኋላሽ የምታዪው?"

"የሆነ ነገር እየተከተለን ነው።"

"ውሻሽ ነው?"

"አስሬዋለሁ።"

"በምን?"

"በልብስ ማስጫ ገመድ።"

"በቃ፣ ገመዱን ቁርሱ አድርጎታል" አለች። ግን አልሳቀችም። ወደ ስካውቱ ጠመንጃ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወላሂ ይመቱታል። ሳያዩት መልሺው።"

ከዚያ በኋላ ከሰልፉ ትንሽ ራቅ እያልኩ ሄድኩ። ማፏጨት አልቻልኩም፤ ይሰማብኛል። በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ። ድንጋዩ ከአጠገቡ ሲያርፍ ትንሽ ወደ ጎን ሄደና ቆመ። አልጮኸም፣ አላላዘነም። እኔ የማውቀው ውሻ ቆጣ ስለው እንኳን መሬት ላይ የሚንከባለል ነው። ይህኛው ሳይቀርበኝ፣ ሳይርቀኝ፣ ድንጋዬ ከሚደርስበት ትንሽ አልፎ ይጠብቀኛል። የሚያየውም እኔን አልነበረም። በእኔ አልፎ ወደ ፊት፣ ወደ ሰልፉ ነበር የሚያየው።

አፋፉ ላይ ስንወጣ ጉሙ ወረደ። ከፊቴ የሚሄደው ልጅ ቦርሳ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ከመንገዱ ዳር ያሉት የጅብራ ተክሎች ሰው መሰሉኝ፤ ቆመው የሚያሳልፉን ረጃጅም ሰዎች። የቀረኝ ቃጭሉ ብቻ ነበር። ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል፤ እከተላለሁ። ከኋላዬ ደግሞ ያ ቀላል እርምጃ አለ።

ቃጭሉ ቆመ።

ሁላችንም ቆምን መሰለኝ፤ የእግር ድምፅ ጠፋ። ስም አይጠራም ተብለናልና ማንም አልተጣራም። ያን ያህል ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ሆኖ ትንፋሽ እንኳን አለመሰማቱን ዛሬም ሳስበው ይቀፈኛል። ከኋላዬ ያለው እርምጃ ግን አልቆመም። ወደ ጎን ዞረ፣ በስተቀኜ አለፈ፣ ቃጭሉ ወደነበረበት ጥቂት ቀረበና እዚያ ተቀመጠ።

ስካውቱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የማየውን አዩት። ጉሙ ውስጥ ጆሮው የቆመ፣ ቀይ፣ የተቀመጠ ነገር።

"ይህ ውሻ ከእናንተ ጋር ነው የመጣው?"

አዎ ብል ይሞታል፤ አይደለም ብልም ይሞታል።

ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው አቀባበሉ። የብረቱ ድምፅ ጉሙ ውስጥ ከሁሉም አቅጣጫ መጣ።

አፏጨሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እግሬ ስር ከመጣ እቅፍ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ እኔን አይተኩሱም ብዬ ነው ያሰብኩት። ከንፈሬ በብርድ ደንዝዞ ፉጨቱ ተቆራረጠ፤ ደግሜ አፏጨሁ።

እንስሳው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አየኝ። ከዚያም እንደማያውቀኝ ፊቱን መለሰ።

ስካውቱ ጠመንጃውን ሳያወርዱ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ አወረዱት። "ውሻ ቢሆን ኖሮ" አሉ፣ "የሚያበላው ሰው ሲያፏጭለት ይህን ያህል አይኮራም ነበር።"

ጉሙ ትንሽ ሳሳ። ጉሮሮው ነጭ፣ ጭራው ጥቁርና ጎፈሬ የመሰለ ነበር። ለእርሱ ብለን አሸዋ ተሸክመን ደረጃ የወጣንለት ቀይ ቀበሮ ራሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በድንጋይ ስወግረው ነበር።

"አባባ" አለቻቸው ጓደኛዬ ስካውቱን ከጉሙ ውስጥ። "ባዝራዋ ተኛች። እየወለደች ነው።"

ስካውቱ ከቀበሮው ወደ ባዝራዋ፣ ከባዝራዋ ወደ ቀበሮው አዩ። በኦሮምኛ "ጀዳላ ፈርዳ" አሉ፣ ለራሳቸው። ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች፤ ባዝራዋ አጠገብ ተንበርክኬ ብርድ ልብሱን ሳቀብላት ነው ትርጉሙን የነገረችኝ።

"የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ይከተላል፤ የእንግዴ ልጁን ለመብላት። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራው ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም።"

"አንድ ወር አላት ብለው ነበር እኮ።"

"አባቴ ነው ያለው። እርሱ ግን" አለች በአገጭዋ ወደ ጉሙ እያመለከተች፣ "እርሱ ከጎባ ጫካ ጀምሮ ያውቅ ነበር።"

ውርንጭላው ጉሙ ውስጥ ተወለደ። እርጥብና ጥቁር ነበር፣ እንፋሎት ይወጣለታል። መምህሩ ጃኬቱን አውልቆ በእርሱ አደረቀው። ስካውቱ የእንግዴ ልጁን በጓሳ ሣሩ ላይ ጎትተው ራቅ አድርገው ተዉት፤ እኛንም ወደ መንገዱ ዳር መለሱን። ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። የሚመጣ እርምጃ አልሰማሁም። ዞር ብለን ስናይ ጓሳው ተጋድሟል፣ ሌላ ምንም የለም።

ከደሎ መና ቡና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ባዝራዋንና ውርንጭላውን ወደ ጎባ አወረደልን። ሾፌሩ "ቢስሚላህ፣ እናንተ ልትወጡ ሄዳችሁ ወልዳችሁ መጣችሁ?" አለን፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። መምህሩ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

"ያ ፉጨት ልምድ ያለው ፉጨት ነው" አለኝ።

"አዎ።"

"ውሻሽ ሰኞ ይከተባል። እርሱ ሳይከተብ አንቺ ተራራ አትወጪም።"

"እሺ" አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺታዬ ሰው ለማስደሰት አልነበረም።

ሮቤ ስንደርስ ውሻው በልብስ ማስጫው ገመድ እንደታሰረ ነበር። ገመዱ አልተነካም። የበር ጥበቃው "ቀኑን ሙሉ ወደ ጎባ ዞሮ ቆሞ ዋለ፤ አልበላም፣ አልጮኸም" አሉኝ። ገመዱን ልፈታለት እጄን ስዘረጋ አሸተተኝ። ብርድ ልብሱን፣ ውርንጭላውን፣ ምናልባትም ቀበሮውን። የጀርባው ፀጉር ቆመ፤ ገመዱ እስኪወጠር ወደ ኋላው ሸሸ።

ከበሩ ትንሽ ራቅ ብዬ አፏጨሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

አየኝ። ከዚያም ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ።