ከስኮርታው ሥር የተገኘ አሸዋ

የአባቴ አሮጌ ቮልቮ ሰኞ ለቁርጥራጭ ብረት ትሄዳለች። ዛሬ ጠዋት ስዊድን፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ካለው ቤታችን ደጅ አቁሜ ዕቃ እንዳይረሳባት ስበረብራት፣ ከኋላ ስኮርታውን ሳነሳ ጎድጓዳው ውስጥ ሁለት እፍኝ የሚሆን አሸዋ ተኝቶ አገኘሁ። በክረምት በረዶ ላይ የሚበተነው ጠጠር ጠቆር ያለና ሻካራ ነው። ይኼኛው የላመ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ የዛጎል ስባሪ የተቀላቀለበት ነው። ከየት እንደመጣ ማሰብ አላስፈለገኝም። አሥራ ስድስት ዓመት አብሮን ሲዞር ኖሯል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰባት ሳምንቴ። ስዊድን ውስጥ ከመንገድ ወጥቶ አሸዋ ላይ መንዳት ክልክል ነው። ዴንማርክ ውስጥ ግን በምዕራብ በኩል መኪና የሚገባበት ሰፊ የባሕር ዳርቻ ያላት ደሴት እንዳለች አነበብኩ። እዚያም ቢሆን የሚነዳው ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላ የተከመሩት የአሸዋ ኮረብታዎች አይነኩም። ክረምቱን ሙሉ ቪዲዮ እያየሁ አንድ ደብተር ሞላሁ። የመጀመሪያው መስመር «አሸዋው እንዳያሰምጥህ ከመግባትህ በፊት የጎማውን ንፋስ ከ2.3 ባር ወደ 1.2 አውርድ» ይላል።

አባቴ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረ በመርዳት ነበር የሚተዳደረው። ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ከሌለው ሥራ የለውም። ቁልፉን ሲሰጠኝ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውሃ እንዳታስነካት።»

ጓደኛዬ ቢኒያም አብሮኝ ሊሄድ ተስማምቶ ነበር። ሦስተኛው ተጓዥ ራሳቸው መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ አሸዋ ላይ ልንነዳ እንደሆነ ሰምተው «ቦታ ካላችሁ እኔም ልይ» አሉ። ጋሽ ወርቁ በአገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የነዳጅ ቦቴ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ አመላልሰዋል። ስዊድን ከገቡ በኋላ ግን መሪ ይዘው አያውቁም፤ ቴዮሪ የሚባለውን የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በቋንቋው ምክንያት አምስቴ ወድቀው ተዉት። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሃሉንዳ ቤታቸው የሚያደርሳቸው ሰው ሞልቷል። ሁልጊዜ ጋቢና ይቀመጣሉ፤ ስለ ማንም አነዳድ ክፉም ደግም አይናገሩም። እኔ ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን የሚረግጥ ይመስል ከምንጣፉ ብድግ ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል።

የበጋው መግቢያ ነበር። ደቡብ ስንደርስ የጎመን ዘሩ እርሻ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር። ማልሞ አድረን ወደ ዴንማርክ የሚወስደውን ድልድይ ተሻገርን። እናቴ በአይስክሬም ዕቃ ሞልታ የሰጠችንን ቋንጣ ፍርፍር ደሴቲቱ መግቢያ ላይ ቆመን በላን፤ ነፋሱ ጥቂት አሸዋ ስላከለበት ጥርሳችን ውስጥ ይንቋቋ ነበር።

ዳርቻው ላይ ስንገባ ወዲያ ጫፉ አይታይም። አሸዋው እርጥብና ጠንካራ ስለነበር መኪናዋ አስፋልት ላይ ያለች ያህል ሄደች። የንፋስ መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። የአሰብን በረሃ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው እያየኝ ደብተር ገልጬ ጎማ ማስተንፈስ አሳፈረኝ። ትንሽ ቆይቼ ውሃውን ቀረብ ብዬ ላየው ወደ ግራ ታጠፍኩ። ወዲያው መሪው ቀለለኝ፣ የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ። ነዳጅ ስሰጣት ባሰባት፤ ሆዷ አሸዋው ላይ ተኛ።

ቢኒያምና እኔ ወርደን ገፋን። አልነቃነቅ አለች። ባሕሩ ይጠጋ እንደሆነ ለማወቅ የቴርሞሳችንን ክዳን ውሃው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። አካፋ ይዤ አንዱን ጎማ ቆፍሬ ቀና ስል ክዳኑ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ባሕሩ እየሞላ ነበር፤ በእኛና በእሱ መካከል የቀረው ሃያ እርምጃ ነው። ጋሽ ወርቁ ግን ጋቢና ውስጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ይመለከታሉ።

ቢኒያም በስዊድንኛ አንሾካሾከ። «ውረዱ በላቸው እንጂ፤ ሰማንያ ኪሎ እኮ ናቸው።»

«አንተ በላቸው።»

«እኔ? ሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝን ሰው? እናቴ ከምትሰማ እዚሁ ብሰምጥ ይሻለኛል።»

አሥራ አምስት እርምጃ ሲቀር በሩን ከፈትኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ቢወርዱልን?»

ቀበቷቸውን ፈትተው ነበር የጠበቁኝ። «እስክትጠይቀኝ ነው» አሉ። «መሪ የያዘ ሰው ሳይጠይቅ አይነገረውም።»

«ጠየቅሁ እንግዲህ። ምን ላድርግ?»

«ኪስህ ያለውን አውጣ። ከማልሞ ጀምሮ ስትነካካው አይቻለሁ።»

ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉና ጎማው ሥር ተንበረከኩ። መለኪያውን አልጠየቁኝም። በጥፍራቸው እያስተነፈሱ የጎማውን ሆድ ብቻ ያያሉ፤ ዘርጠጥ ሲል «በቃ» አሉ።

«ለካው። ስንት ይላል?»

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

«ደብተሩስ?»

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

«እንግዲያው ተስማምተናል» አሉና ወደሚቀጥለው ጎማ ዞሩ።

ምንጣፎቹን ከጎማዎቹ ፊት አነጠፍን። «በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለህ። ከወጣህ ደግሞ እኛን ብለህ እንዳትቆም» አሉኝ። መኪናዋ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደ ጀልባ ብድግ ብላ ወጣች። ጠንካራው አሸዋ ላይ ደርሼ በመስታወቱ ሳይ ቢኒያም ምንጣፎቹን ራሱ ላይ ተሸክሟል፤ ጋሽ ወርቁ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ እየረገጡ ይስቃሉ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ወርጄ ጠበቅኳቸው። ሞተሩ አልጠፋም፤ በሩ ክፍት ነው፤ ዳርቻው ባዶ ነው። ጋሽ ወርቁ መጥተው በእኔ በር በኩል ቆሙና እጃቸውን ጣራው ላይ አሳረፉ። ዞሬ ሮጬ ጋቢናውን ከፈትኩላቸው። «ጋሼ ይግቡ፣ ብርድ ነው።» መሪውን አንዴ አዩት። «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ዞረው ገቡ።

ሰኞ አባቴ ሥራው ገባ። እኔ ግን በእኔ በር በኩል የቆሙባትን ያቺን ቅጽበት የተረዳኋት ከዓመታት በኋላ ነው። መሪውን ያልሰጠኋቸው ፈቃድ ስላልነበራቸው ነው ብዬ እንዳልጽናና፣ ስለ ፈቃድ አላሰብኩም፤ ጭራሽ አልታየኝም። ሳይጠየቁ እንደማይናገሩ በነገሩኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። አክብሮት ስንል ስንቱን ሰው በር ከፍተን፣ ደግፈን፣ ከሚወደው ቦታ ወዲያኛው ወንበር ላይ እንዳስቀመጥነው እንጃ።

አሸዋውን በአይስክሬም ዕቃ ሰብስቤ ደወልኩላቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «ያን ቀን ቁልፉን ብሰጥዎ ይነዱ ነበር?» አልኳቸው።

«ያቺ መኪና» አሉ፣ «ሁለተኛ ማርሿ ትንሽ ያዝ ያደርጋት ነበር፣ አይደል?»

ያደርጋታል። ከአባቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ነገ ሃሉንዳ ላምጣትና ቆማ ባለችበት ራስዎ መሪው ላይ ቁጭ ብለው ማርሹን ይዩት?»

«ንፋሷን ለክተህ ና» አሉኝ።