እምቢ ያለው ሲዲ

ባለፈው ጥቅምት ከጎንደር በሚኒባስ ስመጣ፣ ዳባትን አለፍ እንዳልን አንድ የገብስ ማሳ ላይ ዓይኔ ቀረ። ገበሬው ወፍ እንዳይበላበት ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሮ ያረጁ ሲዲዎች ሰቅሎበታል። ነፋስ ሲመታቸው ይሽከረከራሉ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ብቻዬን ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው «ምን አገኘሽ ልጄ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ለአንዲት ሲዲ ብለን በቅሎ ልንሸጥ መነሣታችንን በየት በኩል ልጀምርላቸው? እናንተ ግን ትረዱኛላችሁ። ዲቪዲ ያለበት ሰው ቤት ጫማ አውልቃችሁ፣ በሰው ጉልበት መሐል አንገታችሁን አሹልካችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ትረዱኛላችሁ።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ቤታችን ደባርቅ። አባዬ ስሜን ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ አብሳይ ስለነበር፣ ከተራራ ሲመለስ ልብሱ የነጭ ጋዝና የሽንኩርት ሽታ ይዞ ይገባል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። በዚያ ሥራው ነው ዲቪዲ የገዛልን። ኧረ ስንቱን ኩራት ኮራንበት! እሑድ ከሰዓት ሰፈርተኛው ቤታችን ይሞላል፤ ውጭ ብርዱ ይጋረፋል፣ ውስጥ የእርጥብ ጋቢና የገብስ ቆሎ ሽታ ያፍናል። ሪሞቱ በታላቅ ወንድሜ በጋሻው እጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስለደረሰ በኤሌክትሪክ ነገር የሚቀድመው ያለ አይመስለውም ነበር። እኔ ሲዲ ጠራጊ ነኝ። በቀሚሴ ጫፍ ስወለውል ያ ሁሉ ሰው እጄን ሲያይ፣ አቤት የነበረኝ መንጠባረር!

የእናቴ አባት አባባ ተገኘ ስሜን ፓርክ ውስጥ ሳንቃ በር ላይ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ሆኖ ነው ያረጀው። አንድ አመል ነበረው፤ ፎቶ አይወድም። ካሜራ ሲነሣ ካየ ፊቱን በጋቢው ይሸፍንና «መልኬን ለፈጠረኝ እመልሳለሁ እንጂ ለፈረንጅ አላስረክብም» ይላል። ከፋሲካ በኋላ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሲያርፍ፣ ቤት የተገኘው ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ሆነ። እሱም ላይ ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን በልቶታል። እማዬን ከሞቱ ይልቅ ይህ አንገበገባት። «የአባቴ መልክ እየጠፋብኝ ነው» እያለች ታለቅስ ነበር። የተወላት አንዲት በቅሎ ነበረች። ዳማ ትባላለች፣ ኮርቻዋ ሳይቀር እሱን እሱን ይሸታል። እማዬ ጠዋት ጠዋት አንገቷ ሥር ፊቷን ቀብራ ስትቆም ስንቴ አይቻታለሁ።

ታዲያ በኅዳር አንድ ፖስታ መጣልን። አባዬ ካበሰለላቸው ቱሪስቶች አንዷ የላከችው ነው፤ ደብዳቤና አንዲት ሲዲ። ጋሻው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ግማሹን እየገመተም ቢሆን ተረጎመው። ሴትዮዋ የዛሬ ሁለት ዓመት ሳንቃ በር ላይ አባባን በቪዲዮ ቀርጻዋለች፤ ማረፉን ስትሰማ ልጁ ትየው ብላ ልካለች። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። እኔ ግን ማን ይዞኝ! በባዶ እግሬ ወጥቼ «አባባ በቲቪ ሊመጣ ነው!» እያልኩ ሰፈሩን አዳረስኩት።

እሑድ ዕለት የመጣው ሰው ለፊልም ከሚመጣው እጥፍ ነበር። የፊልም አመጣጥም አልመጡም፤ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነው። ሙሾ በማውረድ የታወቁት ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ለአባባ አዲስ ግጥም ገጥመው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው አፋቸውን ያሟሻሉ። ሲዲዋን ጠረግኩ። ከሌሎቹ ትለያለች፣ ጀርባዋ ወደ ሰማያዊ ይወስዳል። ጋሻው ከተታት። ማሽኑ ጉርር አለ፣ አሰበ አሰበና «ኖ ዲስክ» ብሎ ጻፈ። አውጥተን ጠረግን፣ ተነፈስንባት፣ መልሰን ከተትን። ኖ ዲስክ። አንዱ «ገልብጧት» ይላል፣ አንዱ «ብርድ መቷት ነው፣ ፀሐይ አሙቋት» ይላል። እትዬ ዘውዴ ሙሾአቸውን እንደታቀፉ ቀሩ።

ዞር ብዬ እማዬን ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። «እምቢ አለኝ» አለች። «መቀረጽ እንደማይወድ እያወቅሁ አገር ሰብስቤ ላሳየው ስል ተቀየመኝ።» ሴቶቹም «እውነትሽን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በኛ አገር ሰው ሞቶም ይቀየማል፤ ማሽን ይበላሻል ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እማዬ እህል አልወርድ አላት። አባዬ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማፈሩ አንገብግቦት፣ በሦስተኛው ቀን ሲዲዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጋሻውንና እኔን አስከትሎ ዳባት አንድ የዲቪዲ ጠጋኝ ዘንድ ወረደ።

ጠጋኙ የቄስ ልጅ ነው፣ ራሱም ለዲቁና ተምሮ የተወ። ሲዲዋን በብርሃን አገላብጦ አይቶ ሳቀ። «ሲዲዋ ጤነኛ ናት። ይቺ ኤችዲ ናት፣ ጽሕፈቷ የደቀቀ ነው» አለን። አባዬ እንዳልገባው ሲያይ «ዳዊት የደገመ ሁሉ ድጓ ያነባል? ይቺ ድጓ ናት። የእናንተ ማሽን ገና ዳዊት ላይ ነው» አለው። ወዲያው ከመደርደሪያ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን አወረደ። ድጓ አንባቢው ማሽን! ሥዕሉን ሳይ ልቤ ቆመ። ዳዊቱንም ይደግማል፣ የድሮ ሲዲዎቻችሁን አይጥልም አለን። እንዲያውም ጀርባው ያበጠውን ቲቪያችንን በስስ ብንለውጠው ጥራቱ ሌላ ነው፣ በአሮጌውም ግን ይሠራል አለ። ዲቪዲያችንን ተቀብሎ ይለውጥልናል፤ የሚጨመርበት ግን የአንድ በቅሎ ዋጋ ነው። «ከፍተህ አሳየን» ብንለው፣ ካርቶኑ ከተከፈተ ማንም አይገዛኝም ብሎ እምቢ አለ።

የአንድ በቅሎ ዋጋ! እኛ ቤት ደግሞ አንድ በቅሎ አለች። ያንን ሳምንት ቤቱ ሸንጎ ሆነ። አባዬ «ዓመቱን ሙሉ ትበላለች፣ የምትሠራው ቱሪስት ሲኖር ነው» ይላል። ጋሻው ስለ ጥራት ይሰብካል፤ «የሰው ቆዳ ላይ ያለችው ፀጉር ትቆጠራለች!» እያለ ሰሚ እንዳጣ ሰባኪ ይጮሃል። እኔም ከነሱ ብሼ «እማዬ፣ አባባን ማየት አትፈልጊም?» እያልኩ እጎነትላታለሁ። እውነቱን ልናገር? የአባባ ነገር አልነበረም የያዘኝ። ማሽኑ ነው። በደባርቅ አንደኛ የምንሆነው እኛ ነን፤ አዲሱን ሲዲ የምጠርገው እኔ ነኝ። እማዬ ግን በቅሎዋን ብትሸጥ የአባቷን ሽታ ልታጣ፣ ባትሸጥ መልኩን ልታጣ ነው። ይህ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

በመጨረሻ ከአባዬ ጋር የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄደች። አባ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉን ሰምተው «እናኑ ልጄ፣ ሙት አይቀየምም። ቂም የእኛ የቋሚዎቹ ነው» አሏት። ቀጥለው «ግን ሳታዪ አትሽጪ። ዕቃው ሌላ ሰው ዘንድ አይኖርም?» ሲሉ አባዬ ግንባሩን መታ። በፓርኩ መንገድ ቡይት ራስ ላይ አንድ ሎጅ ውስጥ ወዳጁ ይሠራል፤ እዚያ እንግዶች የሚያዩበት እንዲህ ያለ ማሽን አለ። ተቆረጠ፤ መጀመሪያ እዚያ እናያለን፤ እማዬ ልቧ ከወደደ ዳማን እዚያው ታስረክባለች። ገዢውም ተገኘ፤ ለቱሪስት ዕቃ ጫኙ አያ ፈንታ፣ የአባባ የድሮ ወዳጅ። በቡይት ራስ ሊጠብቀን ተስማማ።

ቅዳሜ በማለዳ ወጣን። እኔ ዳማ ላይ ተቀምጬ እስከ ቡይት ራስ ስለ ማሽኑ ስለፈልፍ፣ እማዬ ከጎን አንድ እጇን በበቅሎዋ አንገት ላይ ጥላ ትሄዳለች። አያ ፈንታ ሎጁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገመዷን ከእማዬ ተቀበለና መስኮቱ ሥር አሰራት። እኛ ገባን። የአባዬ ወዳጅ ሲዲዋን ከተተ።  ማሽኑ አላንገራገረም።

አባባ! ግድግዳውን በሞላ ስስ ቲቪ ላይ አባባ ራሱ! ጋሻው የሰበከው ሁሉ እውነት ነበር። ጢሙ ላይ የተጣበቀች የገብስ ገለባ ትታያለች። ለካስ ሴትዮዋ ካሜራዋን የደገነችው ዳማ ላይ ኖሯል፤ እሱ እየተቀረጸ መሆኑን አላወቀም። በቅሎዋን ያሞግስላታል፣ ይስቃል፣ ፊቱን አይሸፍንም። እማዬ ከወንበሯ ተነሥታ ቲቪው አጠገብ ሄደች። ካፖርቱ ላይ አንዲት ቁልፍ በቀይ ክር ተተክላለች። «ይህን ቁልፍ እኮ የተከልኩት እኔ ነኝ! ጥቁር ክር አጥቼ በቀይ!» ብላ በጣቷ ነካችው። እያለቀሰች ትስቃለች። አባዬ ወደኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። አለቀ፣ ተገዛ ማለት ነው። ከደስታዬ ብዛት ልጮህ ነበር።

ያን ጊዜ አባባ በቪዲዮው ውስጥ እጁን ወደ አፉ አድርጎ ተጣራ። «ነይ ዳማ! ነይ እቴ! ነይ የኔ እመቤት!»

መስኮቱ ሥር ዳማ ጮኸች። የበቅሎ ጩኸት ታውቁታላችሁ፤ እንደ ፈረስ ይጀምርና እንደ አህያ ይጨርሳል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስቅ ነው። ገመዱን እየጎተተች፣ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አቁማ፣ ደግማ ደጋግማ ጮኸች። አባባ እንደገና ጠራት፤ እንደገና መለሰችለት። የሎጁ ሠራተኞች ከማድ ቤት ወጥተው ቆሙ። እማዬ ሮጣ ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ዳማ ግን እሷን አልፋ መስኮቱን ነበር የምታየው።

አያ ፈንታ ገመዱን ፈትቶ በእማዬ እጅ መልሶ አስጨበጣት። «እናኑ፣ እኔ ይችን አልወስድም» አላት። «ሐዘንተኛ ገዝቼ ምን ልሆን?» እማዬ ወደ አባዬ ዞረች። «ማሽኑ ይቅር» አለች። «ይጠራታል፣ ትመልስለታለች። ብሸጣት ማን አቤት ይለዋል?» አባዬ ሲዲዋን ሊያስወጣ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እኔ ግን ምን ልደብቃችሁ፣ ስለ ማሽኑ እስከ ደባርቅ አለቀስኩ። እማዬ ለአባባ የማለቅስ መስሏት ታባብለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ዲቪዲያችን ዳዊቱን እየደገመ ከእኛ ጋር አረጀ። ማሽን መለወጡን እያሰብን ሳለን ዘመኑ ሲዲውንም ማሽኑንም ጥሎ ሄደ። ዳማ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። ዛሬ አባባ ከሲዲዋ ተገልብጦ በጋሻው ስልክ ውስጥ ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ጥራቱም ያው ነው፤ ቀዩ ክር እንኳን ይታያል። በየፋሲካው እማዬ ቤት ስንሰበሰብ እንከፍተዋለን። ሰፈርተኛ አይጋፋም፣ ጫማ የሚያወልቅ የለም፣ ሁሉም የየራሱ ስልክ አለው። አባባ ይስቃል፣ ያሞግሳል፣ እጁን ወደ አፉ አድርጎ ይጣራል። ያን ጊዜ ሁላችንም፣ ዳማን አይተዋት የማያውቁት የጋሻው ልጆች ሳይቀሩ፣ ዝም እንላለን። ደጁም ዝም ይላል። እማዬ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ «መጣች አባቴ፣ መጣች» ትለዋለች።