አምስት ጣት በይሉኝታ

ኬሩቦ አስተባባሪ የሆነችው ኮድ መጻፍ አቅቷት አይደለም፤ እንዲያውም አሳምራ ትጽፍ ነበር። ግን ከኮዱ ይልቅ የጻፊዎቹ ንትርክ ይስባታል። ኪሲ ውስጥ ልጅ በሞላበት ቤት ከመሃል ነው የተወለደችው። ከላይ ያሉት ያዟታል፣ ከታች ያሉት ያለቅሱባታል፤ ማን ውሃ ይቅዳ፣ ማን ሙዙን ይሸከም እያለች ስትደራደር አደገች። ናይሮቢ መጥታ ተምራ ሥራ ስትይዝ ያው ድርድር በደመወዝ ጠበቃት።

ድርጅቱ ለወተት ማኅበራት ፕሮግራም ይሠራል። ገበሬው ጠዋት ወተቱን አስረክቦ ገና ጣሳውን ሳያነሳ፣ ስንት ሊትር እንደገባለት በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። መድረስ አለበት፣ ቢባል ይሻላል። ሥራውን ስድስት ቡድኖች ተከፋፍለውታል፤ ሚዛኑ የአንዱ፣ ክፍያው የሌላው፣ መልእክቱ የሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው አንበሳ ነው። ጉዱ የሚወጣው አዲሱ የፕሮግራሙ ሥሪት ለገበሬው በሚለቀቅበት ቀን ነበር፤ ያኔ አንዱ በር ሠርቶ ይመጣል፣ ሌላው የመስኮት ፍሬም ይዞ ይጠብቀዋል።

ኬሩቦ ይህን ስታይ ከርማ አንድ ልማድ አመጣች። በየሦስት ወሩ ስድስቱም ቡድኖች የላይኛው ፎቅ ካፌ ይወጡና ሁለት ቀን ሙሉ አብረው ያቅዳሉ። እያንዳንዱ ቡድን የሚመጡትን ሳምንታት ሥራውን በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። የአንዱ ሥራ የሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ ከወረቀት ወደ ወረቀት ቀይ ክር ይወጠራል። በመጨረሻ ሁሉም እጁን አንሥቶ በዕቅዱ ምን ያህል እንደሚያምን በጣቱ ያሳያል፤ አምስት ጣት “እምላለሁ” ነው፣ አንድ ጣት “ቅዠት ነው”። ሁለትና ከዚያ በታች ያወጣ ተነሥቶ ምክንያቱን ይናገራል፤ ማንም አይቆጣውም። ሕጉ ይኸው ነው።

ሠራተኛው ስብሰባውን “የኬሩቦ ባራዛ” ይለዋል፤ የቀበሌ ሹም መንደርተኛውን ዛፍ ሥር ሰብስቦ የፍየል ክስ እንደሚሰማው ማለት ነው። እሷ የተቀየመች ትመስላለች እንጂ ስሙን ትወደዋለች። ሊፍት ውስጥ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች እዚያ ሲጣሉ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዱ ለሌላው ክር ሲይዝለት ማየት ከልጇ ከቦሲሬ ቀጥሎ የምትኮራበት ነገር ነው።

ያለፈው ባራዛ ግን አዋረዳት። ድምፅ ሲሰጥ የተጠበሰ የፍየል ሥጋ ሽታ በበሩ ገባ። ማን ተነሥቶ ምክንያት ያስረዳል? ሁሉም አምስት ጣቱን ዘርግቶ ወደ ምሳው ሮጠ። ያ ሥሪት ሲለቀቅ የገበሬው መልእክት ተዘበራረቀ። አንዲት የኒዬሪ ባልቴት የጎረቤቷ ወተት በስሟ ሲመዘገብላት ዝም ብላ ከረመች፤ ጎረቤቷ ግን ዝም አላለም።

የድርጅቱ መሥራች ሙቲንዳ ጠራት። ሙቲንዳ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲጠግብ ደግ፣ ሲርበው ዳኛ። የጠራት ከምሳ በፊት ነበር።

“ማማ ቦሲሬ፣ ይሄ ባራዛሽ ሁለት ቀን ሥራ ያስፈታኛል። ምን አተረፍኩ? በይ አንድ ዕድል ልስጥሽ። የአሁኑም ከተበላሸ፣ ከዚያ ወዲያ ዕቅዱን እኔው ቢሮዬን ዘግቼ አወጣዋለሁ። አንቺም ወደ ኮድሽ።”

“እሺ ምዜ” አለች፤ እዚያ ትልቅ ሰው በአክብሮት የሚጠራው እንዲህ ነው። አፏ ነው እንጂ ሆዷ እሺ አላለም። ባራዛው ከቀረ ስድስቱ ቡድኖች ተመልሰው ስድስት ደሴት እንደሚሆኑ ታውቃለች፤ ያንን ማሰብ አሳመማት።

በዚያ ሕንፃ ወሬ በደረጃ አይሄድም፤ ኬሩቦ ወንበሯ ላይ ሳትደርስ ሁሉም ሰምቶ ነበር።

የአዲሱ ባራዛ ሁለተኛ ቀን ደረሰ። ከግድግዳው አናት ላይ ሙቲንዳ በራሱ እጅ የለጠፈው ትልቅ ወረቀት አለ፤ “ሚዛንም፣ መልእክትም፣ ክፍያም፤ ከዝናቡ በፊት” ይላል። ዝናብ ሲመጣ ሣር ይበዛል፣ ሣር ሲበዛ ወተት ይበዛል፤ ያኔ አሮጌው ፕሮግራም ይታነቃል። ከዚያ በታች ክር ብቻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህኛው ድር ግን ያሰረው ራሷን ኬሩቦን ነበር። አንዱን ክር በጣቷ ስትከተል ከክፍያ ቡድን ተነሥቶ መልእክት ቡድን ገባ፣ ከመልእክት ቡድን ዞሮ ክፍያ ቡድን ተመለሰ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ደጃፍ ላይ “ይግቡ”፣ “ኧረ እርስዎ ይቅደሙ” ሲባባሉ እንደሚመሽባቸው ሁለት ጨዋ ሰዎች መሆናቸው ነው።

የክፍያው ቡድን መሪ ኦዲዋር ነው፤ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ምላሱ የማያርፍ።

“ኦዲዋር፣ ይሄ ምንድነው?”

“ክር ነዋ ማማ ቦሲሬ። ቀይ። ያምራል።”

“የት ነው የሚሄደው?”

“ዋንጌቺ ጋ። ከዛ... ይመለሳል መሰለኝ። ዘመድ ጥየቃ።”

“ቀልዱን ተወውና፣ ይሆናል ትላለህ?”

“አንቺ ካለሽ ምን የማይሆን አለ?”

ኬሩቦ ወደ መልእክት ቡድን መሪዋ ወደ ዋንጌቺ ዞረች። ዋንጌቺ ከሻይዋ ቀና ሳትል “እንስማማለን” አለች። ኬሩቦ የደነገጠችው ይኼኔ ነው። ዋንጌቺ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ከማንም ጋር ተስማምታ አታውቅም።

ሙቲንዳ በሁለት እጁ ሁለት ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ ይዞ ገባና ከፊት ተቀመጠ። ኬሩቦ ሦስት ቆጠረች፤ እጆች ተነሡ።

አምስት። በየጥጉ አምስት። ለራሱ ሠርግ እንኳ ከሦስት ጣት በላይ የማይሰጠው የሚዛን ቡድኑ ጠርጣራ ሰውዬ ሳይቀር አምስት። ኦዲዋር ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቶ አስር አደረገው።

“እንዲህ ነው እንጂ!” አለ ሙቲንዳ ማንዳዚውን እየገመጠ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሷን ሊያድኗት ነው። ኬሩቦ እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ ቀደመው። ያለፈው ውሸት ለፍየል ሥጋ ነበር፤ የአሁኑ ለሷ ነው፤ ለገበሬው ግን ሁለቱም ያው ናቸው። ዝም ብትል ዛሬ ትተርፋለች። እጇን አነሣች፤ አንድ ጣት አወጣች።

ሙቲንዳ መግመጡን ተወ።

“አስተባባሪ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?” አለ ኦዲዋር በሹክሹክታ።

“ሕጉን ማን አወጣው?”

“አንቺ።”

“እንግዲያስ!”

“የራስሽን ዕቅድ ነው እኮ ማማ ቦሲሬ!” አለ ሙቲንዳ።

“የራሴን ነው ምዜ። አንድ ያወጣ ይናገራል፤ ልናገር።” ወደ ግድግዳው ሄዳ ክሩን እንደ ክራር መታ አደረገችው። “ኦዲዋር ዋንጌቺን ይጠብቃል፤ ዋንጌቺ ኦዲዋርን ትጠብቃለች። ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም። እናንተ ጉዶች፣ ሠርጌ ላይ እንኳ ይሄን ያህል እጅ አልተነሣልኝም። እወዳችኋለሁ። ግን በውሸት ካተረፋችሁኝ ምኔን አተረፋችሁት? በሉ እንደገና!”

ጣቶች እያፈሩ ተነሡ። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። ኦዲዋር ሁለት።

“ከአስር ወደ ሁለት! የሱ ዋጋ ብቻ ነው እንዲህ የሚረክሰው” አለ ከኋላ አንዱ።

ዋንጌቺ አንድ ጣቷን እንደ ባንዲራ ሰቅላ ተነሣች። “ስሙኝ! ሚዛኑንና መልእክቱን ከዝናቡ በፊት እናደርሳለን፤ የሊትሩ መልእክት ብቻውን ከሆነ ክፍያውን አይጠብቅም። ክፍያው ከተጨመረ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኦዲዋር ትናንትም ያውቅ ነበር፤ ምሳውን ሲበላም ያውቃል።”

“አውቃለሁ” አለ ኦዲዋር። “ክፍያው ከዝናቡ በኋላ ይሁን። ግን አናት ላይ ያለውን ወረቀት ማን ይነካል?”

ሁሉም ሙቲንዳን አየው።

“ምዜ፣ ካፌው ውስጥ ያለ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል” አለች ኬሩቦ። “እርስዎ አልሰጡም።”

ሙቲንዳ ማንዳዚውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ማንዳዚውን አስቀመጠ። ከዚያ ወፍራም ሁለት ጣቶቹን ቀስ ብሎ አወጣ። 

“ሁለት ያወጣ...” አለ ኦዲዋር እየፈራ።

“አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።” ሙቲንዳ ተነሣ። “የኒዬሪው ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ድግስ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ክፍያውም ከዝናቡ በፊት ይድረስልኝ አለኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ፤ እሺ አልኩት። እናንተን ሳልጠይቅ።” ወደ ኬሩቦ ዞረ። “ባለፈውም ጊዜ እንደዚሁ ነው ያደረግሁት፤ ተጣድፋችሁ የተበላሸው በኔ ነው።”

ኬሩቦ ወራት ሙሉ ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማ ነበር።  ልትጮህበት ፈለገች፤ ግን ያ ሕግ የሷ ነው፤ ተነሥቶ የተናገረ አይቆጡትም። “እናመሰግናለን ምዜ” አለች፤ ለማንም እንደምትለው። ቀጥላም ባዶ ወረቀትና ብዕር ሰጠችው። “ሥራዎን ይጻፉ። ‘ሊቀ መንበሩ ጋ ደውሎ እምቢ ማለት’።”

ጻፈ። ለጠፈ። ኦዲዋር ቀይ ክር አምጥቶ ከራሱ ወረቀት ወደ አለቃው ወረቀት ወጠረ፤ ዋንጌቺም ወጠረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

“ለየትኛው ሳምንት ነው?” አለ ሙቲንዳ።

“ለአሁን። ሁላችንም እርስዎን ነው የምንጠብቀው።”

ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል። ሲመለስ ግንባሩ በላብ ርሷል።

“እሺ አለ” አለ ራሱም እየተገረመ። “ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ብሎ ሰደበኝ እንጂ፣ እሺ አለ።”

ከፊት ወደነበረው ቦታው አልተመለሰም። በክፍያና በመልእክት ቡድኖች መሃል ተሸጉጦ ተቀመጠ፤ ኦዲዋር ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ጠጋ አለለት።

“ማማ ቦሲሬ” አለ ሙቲንዳ፣ “የሚቀጥለው ባራዛ ላይ እኔም እዚህ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጀምሮ።”