የጎደለችው አንዲት ክፍል

ትናንት ከኦሎምፒያ ወደ ገርጂ ስሄድ ታክሲያችን መብራት ይዞት ቆመ። በመስኮት ሁለት ሰዎች አየሁ። የሕንፃ መለኪያ ሌዘር ስካነር በሦስት እግሩ አቁመው፣ አንደኛው ጃንጥላ ዘርግቶለታል። እሱ ራሱ በካፊያው በስብሷል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አንድ ትልቅ ሰው ትዝ አሉኝ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር አንድ የቅየሳ ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሜትር የጨረሱ፣ ኪሳቸው ቆሎ የማያጣ ቀያሽ። መቀመጥ ስለማልወድ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ሥር ፍም አለ እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ስካነሩ ከቆመበት ዞሮ የሚያየውን ሁሉ በሚሊዮን ነጥብ ይቀዳል። ከግድግዳ ጀርባ ያለውን አያይም፤ ስለዚህ ቦታ እየቀያየርን ደጋግመን እናነሳለን። ቢሮ ስንመለስ ሶፍትዌሩ ሁሉንም አገጣጥሞ አንድ ሕንፃ ያደርገዋል። እንዳይሳሳት ከሁለት ቦታ የሚታዩ ነጫጭ ኳሶች እናስቀምጥለታለን። ጋሽ ታደሰ «ማሽን እንደ እንግዳ ነው፤ ምልክት ካልሰጠሽው ጎረቤት ቤት ይገባል» ይሉ ነበር።

በሐምሌ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው አካባቢ አንድ ያላለቀ ሕንፃ ልናነሳ ሄድን። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ጋሽ ታደሰን ጉልበታቸው ስላመማቸው ሦስተኛውን ፎቅ ለእኔ ተዉልኝ። ረጅም ኮሪደር፣ በአንድ በኩል አሥራ አራት ክፍሎች፤ በሩም መስኮቱም አንድ ዓይነት። ከታች ካለው ላስቲክ ቤት የሽሮ ሽታ ይመጣል፣ እርቦኛል፣ ዝናቡም ሊመጣ ነው። ኳሶቹን ማንሳት ማስቀመጡ ሰለቸኝና ከቦርሳ ሳላወጣ ጨረስኩ።

በማግስቱ ሶፍትዌሩ አገጣጥሞ አረንጓዴ ምልክት አሳየኝ። አረንጓዴ ካለ ምን ቀረ? ለካ ክፍሎቹ መንትያ ስለሆኑ ሁለቱን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ ኮሪደሩን በአንድ ክፍል አሳጥሮት ነበር። በሮቹን አልቆጠርኩም።

«ኳሶቹን አስቀምጠሻል?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«አዎ» አልኩ። ለምን ተጠየቅኩ ብዬ እንዲያውም አኮረፍኩ። እሳቸውም አምነውኝ ልኬቱ ላይ ፈረሙ።

ከሳምንታት በኋላ በእኛ ልክ የተቆረጠው ቧንቧ ሁሉ አጠረ። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠርቶ ይህን ያገጣጠመው ማን ነው አለ። ጋሽ ታደሰ ዞር ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ጊዜ እየሰጡኝ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ። እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው አይነኳቸውም፣ እያልኩ በልቤ እሟገታለሁ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

በዚያው ሳምንት አሰናበቷቸው። ሲወጡ የሻይ ኩባያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ተነስቼ አልሸኘኋቸውም፤ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ይኸው ስምንት ዓመት ሆነኝ። እውነቱን ልነግራቸው ስል፣ ነገ ስል፣ ሳፍር ቆየሁ። ትናንት ግን መብራቱ ሳይለቅ ከታክሲው ወረድኩና በእግሬ ገርጂ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ጋሽ ታደሰ ካረፉ አራት ወር እንዳለፋቸው ነገሩኝ። ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። አብሬያቸው እሠራ እንደነበር ስናገር አስገብተው አስቀመጡኝ፣ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ልናዘዝ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«እንዲያው ሥራውን በቃኝ ብለው በፈቃዳቸው መውጣታቸው ደግ ሆነ» አሉኝ። «የመጨረሻ ዘመናቸውን ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ቢሮው አይሂዱብን ብሎ ለምኗቸው ነበር አሉ። እውነት ነው ልጄ?»

ጋሽ ታደሰ ለቤታቸው እንደዚያ ነበር የነገሩት። የእኔን እውነት ብናገር ለሚስታቸው ያቆዩትን ክብር እነጥቃቸዋለሁ። ብዋጠውም እንደዚያን ቀን ዝም ማለቴ ነው።

«እውነት ነው እትዬ» አልኩ። «ሁላችንም ለምነናቸው ነበር።»